ወተቱ ሲለወጥ ስሙ ሲጸና፦ የፊሊፒንሱ ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ ከጥሬ ዕቃ፣ ከአሠራርና ከመጠቅለያ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ በፊሊፒንስ፣ በተለይም በሉዞን ደሴት በሚገኘው የቡላካን ክፍለ ሀገር፣ ከካራባው ወተትና ከስኳር የሚዘጋጅ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። ይህ ጽሑፍ ጣፋጩን በሦስት አላባውያን፣ ይኸውም በወተቱ፣ በአሠራሩና በመጠቅለያው ከፍሎ ይመረምራል። ሦስቱ አላባውያን በአንድ ጊዜና በአንድ ፍጥነት እንዳልተለወጡ፣ ወተቱና አሠራሩ በአብዛኛው በፋብሪካ ወተት ሲተኩ ስሙ፣ ቅርጹና መጠቅለያው ግን ጸንተው እንደቆዩ ያሳያል። ከዚህም በመነሣት «ባህላዊ» የሚለው ቅጽል የጣፋጩን ስም ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚያቀርበውን አርቢ ጭምር ካላካተተ፣ የቅርስ ጥበቃው ሥራ ከመጠቅለያው ወረቀት አልፎ ሊሄድ እንደማይችል ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ፣ ካራባው፣ የወተት ማቆያ ዘዴ፣ ኮንደንስድ ወተት፣ ፓባላት፣ ባህላዊ ምግብ

1. መግቢያ

ስለ ባህላዊ ምግቦች የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከአዘገጃጀት ነው። ምን ከምን ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል፣ ማን እንደሚያዘጋጀው፣ በየትኛው በዓል እንደሚቀርብ ይዘረዝራሉ። ይህ አካሄድ ጠቃሚ ቢሆንም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፤ ጥሬ ዕቃው ተለውጦ ስሙ ካልተለወጠ ምግቡ ያው ነው ወይ? የፊሊፒንሱ ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ማሳያ ነው፤ ምክንያቱም በመሠረቱ ሁለት ግብዓቶች ብቻ ስላሉት የአንደኛው መለወጥ በግልጽ ይታያል።

ጣፋጩ ሲገለጽ ቀላል ይመስላል። ትኩስ የካራባው ወተት ከስኳር ጋር በዝግታ እሳት ላይ እየተማሰለ ውሃው እስኪተን ይበስላል፤ ሲወፍር ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ በእጅ እየተድቦለቦለ በጣት ልክ ይቆረጣል፤ በስኳር ላይ ተንከባሎ በስስ ወረቀት ይጠቀለላል። አንዳንድ አዘጋጆች መዓዛ እንዲኖረው ዳያፕ የሚባለውን ፍሬ ልጣጭ ይጨምሩበታል።

ካራባው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ረግረጋማ የሩዝ ማሳዎች ለእርሻ የሚያገለግል ለማዳ የውሃ ጎሽ ነው። በአገራችን ጎሽ እየተባለ የሚጠራው የዱር እንስሳ የአፍሪካ ጎሽ በመሆኑ ከካራባው ጋር በዝርያም በጠባይም ይለያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስገንዘብ ያሻል።

2. ስሙና ታሪካዊ አመጣጡ

«ፓስቲያ» በስፔንኛ ትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ ወይም እንክብል ማለት ነው፤ «ሌቼ» ደግሞ ወተት ነው። ቃሉ ወደ ፊሊፒንስ ቋንቋዎች ሲገባ «ፓስቲልያስ» የሚለውን አነጋገር ያዘ። ስሙ የስፔን ቅኝ አገዛዝ ዘመን አሻራ መሆኑ አያጠራጥርም። ስፔናውያን በ1565 በደሴቶቹ ላይ ቋሚ ሰፈራ መሥርተው እስከ 1898 ድረስ ገዝተዋል። ከእነርሱ መምጣት በፊት ሩዝ፣ ዓሣና ኮኮናት የዕለት ምግብ መሠረት ሲሆኑ፣ የወተት ተዋጽኦ በአመጋገቡ ውስጥ ጎላ ያለ ቦታ አልነበረውም። ካራባው የሚረባው በዋነኝነት ለጉልበቱ ነበር።

ስለዚህ ፓስቲልያስን «ከስፔን የመጣ ጣፋጭ» ብሎ መፈረጅ ግማሽ እውነት ብቻ ይሆናል። ወተትን በስኳር የማብሰሉ ሐሳብና ስሙ ከውጭ መጥተዋል፤ ወተቱ ግን ከማሳው በሬ ወገን የተገኘ፣ በአካባቢው ሰው እጅ የታለበ ነው። የፊሊፒንስ የምግብ ባህል ተመራማሪ የነበሩት ዶሪን ፈርናንዴዝ (1934-2002) ከውጭ የገቡ ምግቦች በአገሬው ጥሬ ዕቃ፣ ጣዕምና ማኅበራዊ አጠቃቀም አማካይነት የአገር ምግብ ሆነው የሚለወጡበትን ሂደት በጽሑፎቻቸው አብራርተዋል። በዚህ ዕይታ ሲታይ ፓስቲልያስ የአገር ምግብ የሆነው በስሙ ሳይሆን በወተቱ ነው። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለሚቀርበው ክርክር መነሻ በመሆኑ ሊያዝ ይገባል።

ከጣፋጩ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሣው ከተማ በቡላካን የምትገኘው ሳን ሚጌል ናት። የቀድሞ ስሟ ሳን ሚጌል ዴ ማዩሞ ሲሆን፣ «ማዩሞ» በካፓምፓንጋን ቋንቋ ጣፋጭ ማለት ነው። ይህን የስም ግጥምጥሞሽ እንደ ታሪክ ማስረጃ መውሰድ ግን ተገቢ አይደለም። የቦታ ስም ስለ ብዙ ነገር ጣፋጭነት ሊናገር ይችላል፤ ስለ አንድ የተወሰነ የወተት ጣፋጭ ዕድሜ ግን አይመሰክርም። ይልቅ ክብደት ያለው ምክንያት መልክዓ ምድራዊ ነው። ሳን ሚጌል የምትገኘው በመካከለኛው ሉዞን የሩዝ ሜዳ ላይ ነው፤ ሩዝ ባለበት ካራባው አለ፤ ጎረቤቷ ፓምፓንጋ ደግሞ ከስፔን ዘመን ጀምሮ ሸንኮራ አገዳ አምራች ናት። ወተትና ስኳር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገናኙበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። በፓምፓንጋ ማጋላንግ ከተማም ተመሳሳዩ ጣፋጭ የታወቀ መሆኑ ይህንኑ ያጠናክራል።

3. ወተቱ የሚወስነው አሠራር

ፓስቲልያስ ከሁሉ በፊት የወተት ማቆያ ዘዴ ነው። በሞቃትና እርጥበት አዘል አየር ውስጥ ያልቀዘቀዘ ወተት በጥቂት ሰዓታት ይበላሻል። አገሬው ካራባው ደግሞ በቀን በግምት ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ይሰጣል። ይህ መጠን ለገበያ በቂ ባይሆንም ከጥጃውና ከቤተሰቡ ፍጆታ ተርፎ እንዳይባክን ያሳስባል። በዚሁ የወተት ባህል ውስጥ ሁለት መፍትሔዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው ወተቱን አርግቶ «ኬሶንግ ፑቲ» የተባለውን ለስላሳ ነጭ አይብ መሥራት ነው። ሁለተኛው ውሃውን አትንኖ በስኳር ማቆየት ነው። የመጀመሪያው በቶሎ ሊበላ ይገባል፤ ሁለተኛው ግን ሩቅ መንገድ ሊሄድ፣ በስጦታ ሊላክ ይችላል።

የውሃ ጎሽ ወተት ለሁለተኛው ዘዴ የተለየ ምቹነት አለው። የላም ወተት በአማካይ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ስብና ከ12 እስከ 13 በመቶ ጠቅላላ ጠጣር ይዘት ሲኖረው፣ የውሃ ጎሽ ወተት ከ7 እስከ 8 በመቶ ስብና 17 በመቶ ገደማ ጠጣር ይዘት አለው። የዚህን ልዩነት ትርጉም በአንድ ቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1 ኪሎ ግራም የካራባው ወተት (17 በመቶ ጠጣር) ከ200 ግራም ስኳር ጋር ቢበስልና የመጨረሻው ውጤት 12 በመቶ ውሃ ቢኖረው፣ 420 ግራም ያህል ጣፋጭ ይገኛል። በላም ወተት (12.5 በመቶ ጠጣር) ተመሳሳይ የወተትና የስኳር ምጥጥን ለመጠበቅ ስኳሩ ወደ 147 ግራም ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ ውጤቱም 309 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። 1 ኪሎ ግራም ጣፋጭ ለማግኘት በመጀመሪያው 1.9 ኪሎ ግራም፣ በሁለተኛው 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ መትነን አለበት። በላም ወተት የሚሠራ ሰው ለማትነኛ ብቻ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው። እሳቱ የማገዶ፣ ማማሰሉም የእጅ ጉልበት በሆነበት ማጀት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

የጣፋጩ ንጣትም ከወተቱ ይመነጫል። የላም ወተት ስብ ቤታ ካሮቲን ስለሚይዝ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ የውሃ ጎሽ ግን ካሮቲኑን ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ወተቷ ነጭ ነው። ይህን ንጣት መጠበቅ የአብሳዩ ድርሻ ነው። ወተት ሲሞቅ ላክቶስና የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች ተዋሕደው ቡናማ ቀለምና የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣዕም ይፈጥራሉ፤ ይህም በፈረንሳዊው ኬሚስት በሜያር ስም የሚጠራው ለውጥ ነው። በላቲን አሜሪካ የሚሠራው ዱልሴ ዴ ሌቼ ይህን ለውጥ ሆን ብሎ ይፈልገዋል፤ ቢካርቦኔት በመጨመርም ያፋጥነዋል። ፓስቲልያስ በተቃራኒው ይሸሸዋል። እሳቱ ዝግ የሚለው፣ ማማሰያው የማያርፈው፣ ድስቱም ሰፊ የሚሆነው ውሃው በፍጥነት እንዲወጣና የድስቱ ወለል እንዳያር ነው። ሁለቱ ጣፋጮች አንድ ቋንቋ የሰጣቸው ስም ቢኖራቸውም በአሠራር አቅጣጫቸው የተለያዩ ናቸው።

ማማሰሉ ሌላም ተግባር አለው። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የቀረው ውሃ ስኳሩንም ላክቶሱንም አሟሙቶ ለመያዝ አይበቃም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ግራም ውሃ ሊያሟማ የሚችለው የስኳር መጠን 200 ግራም ገደማ፣ የላክቶስ መጠን ግን 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከላይ በቀረበው ስሌት መሠረት በጣፋጩ ውስጥ ለ100 ግራም ውሃ ወደ 400 ግራም ስኳርና ወደ 100 ግራም ላክቶስ ይደርሳል። ትርፉ ወደ ክሪስታልነት መለወጡ አይቀሬ ነው። ጥያቄው የክሪስታሉ መጠን ነው፤ ያለማቋረጥ ከተማሰለ ብዙና ደቃቅ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፣ ምላስም አይለያቸውም። ማማሰሉ ከተቋረጠ ግን ጥቂትና ትላልቅ ሆነው አሸዋ አሸዋ የሚል ስሜት ይሰጣሉ። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች «ድስቱን እስኪለቅ» ድረስ የሚጠብቁት በዓይንና በክንድ የሚለካ ሳይንስ ነው።

የማቆየቱ ምሥጢርም እዚሁ ላይ ነው። ውሃው ቀንሶ ቀሪው በስኳር ሲያዝ ጥቃቅን ሕዋሳት ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነፃ ውሃ ያንሳል። ከ0 እስከ 1 በሚለካው የነፃ ውሃ መለኪያ ከ0.85 በታች ሲሆን አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊያድጉ አይችሉም። ሻጋታ ግን ከዚህ ባነሰ መጠንም ሊኖር ስለሚችል፣ በተለይ እርጥበት በበዛበት ወቅት የጣፋጩ ዕድሜ ገደብ አለው።

የዳያፕ አጠቃቀምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሳያል። ዳያፕ በአገራችን ሎሚ ከምንለው ፍሬ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ከእርሱ የሚጨመረው የተፈገፈገው አረንጓዴ ልጣጭ እንጂ ጭማቂው አይደለም። ጭማቂው አሲድ በመሆኑ ኬሲን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ያረጋዋል፤ ጣፋጩ ሳይሆን አይብ ይሆናል። መዓዛው ግን በልጣጩ ዘይት ውስጥ ስለሚገኝ ወተቱን ሳይጎዳ ይወጣል።

4. የካራባው መመናመንና የቆርቆሮ ወተት መግባት

ከላይ የተገለጸው አሠራር በአንድ እንስሳ ላይ የቆመ ነው። እንስሳው ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰበት። በ1880ዎቹ መጨረሻ በእኛ አገር «ደስታ» ተብሎ የሚታወቀው የከብት ወረርሽኝ በፊሊፒንስ ገብቶ ካራባውንና ከብቱን ፈጀ። በዚያው ዘመን ይኸው በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ ከ1888 እስከ 1892 ለዘለቀው ክፉ ቀን ዋነኛ መንስኤ እንደሆነ ይታወቃል። በሁለቱም አገሮች የእርሻ እንስሳው ሲያልቅ ማሳው ጾም አደረ፤ ረሀብ ተከተለ። በፊሊፒንስ ጦርነትና ወረርሽኝ ተደራርበው ስለነበር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1903 ከፈቀደው የ3 ሚሊዮን ዶላር የእርዳታ ገንዘብ ከፊሉ ካራባው ከውጭ ለመግዛት ውሏል።

የቅኝ አስተዳደሩ ቀሪውን እንስሳ ለመጠበቅ በሕግ ቁጥር 1147 አማካይነት ያለ ፈቃድ ማረድን ከለከለ። የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1910 ዩናይትድ ስቴትስ በቶሪቢዮ ላይ ባቀረበችው ክስ ሕጉ ተገቢ መሆኑን አጽንቷል። የፍርዱ መሠረታዊ አመክንዮ ካራባው የግል ንብረት ብቻ ሳይሆን አገሪቱ የምትበላውን የሚያርስ የሕዝብ ሀብት ነው የሚል ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ሕጉ እንስሳውን ያየው በቀንበሩ በኩል መሆኑ ነው። ካራባው እንደ ወተት እንስሳ በሕግ ቦታ ለማግኘት ከዚያ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ ጠብቋል።

በዚሁ ክፍተት የቆርቆሮ ወተት ገባ። ጌይል ቦርደን የተባለው አሜሪካዊ በ1856 የወተት ማጠንከሪያ ዘዴውን በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ፣ ስኳር የተጨመረበት ኮንደንስድ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ረጅም ጉዞ የሚችል ሸቀጥ ሆነ። በ1909 በአሜሪካና በፊሊፒንስ መካከል ነፃ ንግድ ሲከፈት የአሜሪካ የታሸጉ ምግቦች ያለ ቀረጥ የሚገቡበት መንገድ ተጠረገ። የቆርቆሮው ወተት በከተማ ሱቅ ሁልጊዜ የሚገኝ፣ የማይበላሽ፣ ዋጋው የሚታወቅ ነበር፤ የካራባው ወተት ደግሞ በአርቢው ደጃፍ ጠዋት ብቻ የሚገኝ ነው።

በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤቶች የሚሠራው ፓስቲልያስ ኮንደንስድ ወተትንና የዱቄት ወተትን በማቡካት የሚዘጋጅ ነው፤ እሳት አይነካውም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሌላ ስሌት ያስረዳል። ኮንደንስድ ወተት 27 በመቶ ገደማ፣ የዱቄት ወተት 3 በመቶ ገደማ ውሃ አላቸው። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለቱ ሲቀላቀሉ የውሃው ይዘት 15 በመቶ ይሆናል። ይህም በድስት ከበሰለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሙሉ ስብ ያላቸው ከሆኑ የስብ ይዘታቸው 17 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በካራባው ወተት የተሠራው ደግሞ 18 በመቶ ያህል ነው። በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ብቻ ከታየ ልዩነቱ ጠባብ ነው። የማትነኑ ሥራ አልቀረም፤ ከማጀት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ተዛወረ እንጂ።

ልዩነቱ የሚገለጠው በላክቶሱ ነው። በዱቄት ወተት የተሠራው ጣፋጭ የላክቶስ ይዘት 24 በመቶ አካባቢ ሲሆን የካራባው ግን 12 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው በአፍ ውስጥ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ሁለተኛው ይቀልጣል። ከዚህም በላይ በገበያ ላይ ከሚገኙት የታሸጉ ወተቶች መካከል የወተት ስባቸው በአትክልት ዘይት የተተካ አሉ፤ አንዳንድ አዘጋጆችም ወጪ ለመቀነስ የስንዴ ዱቄት ይጨምራሉ። በየደረጃው የሚደረገው ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ ድምር ውጤቱ ግን የአካባቢ ወተት ፈጽሞ የሌለበት «የወተት ቁራጭ» ነው።

5. መጠቅለያው፦ የጸናው አላባ

ወተቱ በተለወጠባቸው ዓመታት ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። በሳን ሚጌልና በማሎሎስ ከተሞች ለበዓል የሚቀርበው ፓስቲልያስ «ፓባላት» በሚባል በመቀስ የተቀረጸ ወረቀት ይጠቀለላል። ቃሉ «ባላት» ከሚለው የታጋሎግ ሥር የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቆዳ ወይም ልጣጭ ማለት ነው። ወረቀቱ ፓፔል ዴ ሃፖን፣ ማለትም የጃፓን ወረቀት የሚባለው ስስና ባለ ቀለም ወረቀት ነው። ባለሙያዋ ወረቀቱን አጥፋ በትንሽ መቀስ ወይም ምላጭ ትቀርጸዋለች፤ ሲዘረጋ አበባ፣ ቅጠል፣ በቀርከሃ የተሠራ የገጠር ጎጆ፣ የባህል ልብስ የለበሰች ሴት ወይም የመልካም ምኞት ቃል ይወጣል። የጣፋጩ አካል በወረቀቱ አንድ ጫፍ ይጠቀለላል፤ የተቀረጸው ክፍል እንደ ጅራት ረዝሞ በገበታው ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ጥበብ ስማቸው በሰፊው ከታወቀ ባለሙያዎች መካከል የማሎሎሷ ሉዝ ኦካምፖ ይገኙበታል።

መጠቅለያው በሁለት ምክንያቶች ከወተቱ ይልቅ ለመጽናት የተመቸ ነበር። አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃው ርካሽና የማይበላሽ ነው፤ የሚፈልገው እጅና ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይን የሚያየው እርሱን ነው። የወተቱን ምንነት የሚለየው የቀመሰ ሰው ሲሆን፣ የወረቀቱን ውበት ግን ያልቀመሰም ያደንቃል። በመሆኑም ለጎብኚ፣ ለዐውደ ርእይና ለትምህርት ቤት ሥልጠና የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ነው። ይህ ለጥበቡ መልካም ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ከምግቡ ተለይቶ እንደ ሥነ ጥበብ መቆም ችሏል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር አንድ ስውር ጉዳይ አለ። ያማረው ፓባላት በውስጡ ያለው ጣፋጭ ከምን እንደተሠራ አይናገርም፤ የካራባውን ወተትም ሆነ ከውጭ የመጣውን ዱቄት በእኩል ክብር ይሸፍናል።

6. ወተቱን የመመለስ ጥረትና የፍላጎቶች ፍጥጫ

በ1992 የወጣው ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 7307 የፊሊፒንስ ካራባው ማዕከልን አቋቋመ። ማዕከሉ ዋና መሥሪያ ቤቱን በኑዌቫ ኤሲሃ ክፍለ ሀገር ሙኞስ ከተማ አድርጎ፣ ካራባውን ከጉልበት በተጨማሪ የወተትና የሥጋ እንስሳ ለማድረግ ይሠራል። ዋነኛው መንገድ ማዳቀል ነው። አገሬው ካራባው የረግረግ ጎሽ ሲሆን 48 ክሮሞሶም አለው፤ ሙራ የተባለው የሕንድ ዝርያ ደግሞ የወንዝ ጎሽ ሲሆን 50 ክሮሞሶም አለው። ሁለቱ ሲዳቀሉ 49 ክሮሞሶም ያለው መራባት የሚችል ጥጃ ይወለዳል፤ የወተት ምርቱም ከአገሬው እናቱ በብዙ ይልቃል። በ1990ዎቹ የሙራ ዝርያዎች ከቡልጋሪያ ተገዝተው ለገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጥተዋል። በ1995 ደግሞ በሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 7884 ብሔራዊ የወተት ባለሥልጣን ተቋቁሟል።

ጥረቱ ቢኖርም አገሪቱ ከምትፈልገው የወተት ተዋጽኦ ውስጥ እጅግ ከፍተኛው ድርሻ አሁንም ከውጭ ይገባል። የሚገኘው ጥቂት የአካባቢ ወተትም ተፎካካሪ ፈላጊዎች አሉት። በ2018 የወጣው ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 11037 ለሕፃናት ብሔራዊ የምገባ መርሐ ግብር ሲዘረጋ ወተት ማቅረብን አንዱ አካል አድርጎታል። ለአርቢው ማኅበር ይህ አስተማማኝ ገዢ ነው። ለጣፋጭ ሠሪዋ ግን ተወዳዳሪ ነው፤ እርሷ ለአንድ ኪሎ ግራም ጣፋጭ ወደ 2.4 ኪሎ ግራም የካራባው ወተት ያስፈልጋታል። አንድ ሊትር ወተት ለተማሪ ጽዋ ወይስ ለበዓል ገበታ የሚለው ጥያቄ በስሜት የሚመለስ አይደለም። የሕፃናት ምግብ ቅድሚያ እንደሚገባው ብዙዎች ይስማማሉ። ነገር ግን የምገባው መርሐ ግብር በትምህርት ቤት ቀናት የተወሰነ ሲሆን እንስሳዋ በዕረፍት ወራትም ትታለባለች። በዚያ ወቅት የሚተርፈውን ወተት ዋጋ ጨምሮ የሚያቆይ አሠራር ያስፈልጋል። ፓስቲልያስ መጀመሪያ የተፈጠረበት ተግባር ይኸው ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ፍላጎቶች በዓመቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ከተደለደሉ ተፎካካሪ ብቻ ሳይሆኑ ተደጋጋፊም ሊሆኑ ይችላሉ።

7. ውይይት፦ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

የፊሊፒንስ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2022 ስለ ጂኦግራፊያዊ አመልካቾች ደንብ አውጥቷል። እንዲህ ያለው ሥርዓት አንድን ምርት ከቦታው፣ ከጥራቱና ከዝናው ጋር ያስተሳስራል። ፓስቲልያስን የመሰለ ምርት በዚህ መንገድ ቢታሰብ ሦስት አማራጭ መመዘኛዎች ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው ቦታን ብቻ የሚመለከት ነው፤ በሳን ሚጌል የተሠራ ሁሉ ስሙን ይይዛል። ይህ ለከተማዋ ነጋዴዎች ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ከውጭ በመጣ ዱቄት የተሠራውንም ያካትታል። ሁለተኛው አሠራርን የሚመለከት ነው፤ በእሳት ላይ የተማሰለው ብቻ ስሙን ይይዛል። ይህ የእጅ ሙያውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን በማንኛውም ወተት ሊሟላ ይችላል። ሦስተኛው ወተቱን የሚመለከት ነው፤ ከአካባቢ ካራባው የተገኘ ወተት ግዴታ ይሆናል። ይህ ጥብቅ ነው፤ በአንጻሩም አነስተኛ አቅም ያላቸውን ቤተሰቦች ከስሙ ሊያገልል ይችላል። እነርሱ ኮንደንስድ ወተት የሚጠቀሙት ባህሉን ስለናቁ አይደለም፤ የካራባው ወተት ስለማይደርሳቸውና ስለሚወደድባቸው ነው። በቆርቆሮ ወተት የሚሠሩት ቤተሰቦች የጣፋጩን ስምና ልማድ በሕይወት ያቆዩ መሆናቸውም ሊካድ አይገባም።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አስተያየት ስሙን ሳይነፍጉ ወተቱን በስሙ መጥራት የተሻለ ነው የሚል ነው። አጠቃላዩ ስም ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ «የካራባው ወተት» የሚለው ተጨማሪ መለያ ግን የወተቱን ምንጭ ማሳየት ለሚችሉ ብቻ ሊሰጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ገዢው የዋጋውን ልዩነት ምክንያት ያውቃል፤ ልዩነቱም ቢያንስ በከፊል ወደ አርቢው ይደርሳል። መለያው የሚጻፍበት ቦታም በእጅ አለ፤ መጠቅለያው ነው። ቃላትን በመቀስ መቅረጽ የለመደ ጥበብ የወተቱን ምንጭ መናገር አይሳነውም።

ጉዳዩ በአገራችን የወተት ጥናት ለተሰማሩም አንድ የሚመረመር ነጥብ ይጠቁማል። በእኛ ዘንድ ትርፍ ወተትን የማቆየት ልማድ በእርጎ፣ በቅቤና በአይብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ መንገዱ ማብላላት እንጂ በስኳር ማትነን አይደለም። በጾም ወራት የወተት ፍላጎት ሲቀንስ የማትነን ዘዴ እንደ ተጨማሪ አማራጭ ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም ከላይ የቀረበው ስሌት እንደሚያሳየው በላም ወተት ለ1 ኪሎ ግራም ጣፋጭ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ማትነን የግድ ነው። ለትነቱ ብቻ ከ6 ሜጋ ጁል በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ በክፍት ምድጃ ደግሞ አብዛኛው ሙቀት ስለሚባክን የሚነደው ማገዶ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አሠራሩን እንዳለ ከመቅዳት በፊት የማገዶውና የስኳሩ ዋጋ ከወተቱ ዋጋ ጋር መመዘን ይኖርበታል።

8. ማጠቃለያ

ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ ከሦስት አላባውያን የተገነባ ነው፤ በቀን ጥቂት ከምትሰጥ እንስሳ የሚገኝ ወፍራም ነጭ ወተት፣ ንጣቱን ጠብቆ ውሃውን የሚያወጣ አሠራር፣ እንዲሁም ቁራጩን ስጦታ የሚያደርገው መጠቅለያ። የከብት ወረርሽኝ፣ ካራባውን በቀንበሩ ብቻ ያየ ሕግ፣ ነፃ ንግድና የቆርቆሮ ወተት የመጀመሪያውን ከሁለቱ ለይተውታል። ሁለተኛው ወደ ፋብሪካ ሄዷል። ሦስተኛው በባለሙያዎቹ እጅ ጸንቶ ቆይቷል። የጣፋጩ መጻኢ ዕድል የሚወሰነው በአዘገጃጀት መጽሐፍ ሳይሆን በወተት ዋጋ ነው። ካራባዋን ጠዋት የሚያልበው ገበሬ ከጣፋጩ ስም የሚያገኘው ድርሻ ካለ ወተቱ ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ከሌለ ግን ያማረው ወረቀት ሌላ ነገር እየጠቀለለ ይቀጥላል።